ሁለተኛዋ ኳስ

ደሴ ላይ ከባጃጅ ለመውረድ ሁለት ቃል ይበቃል፤ «ወራጅ አለ»። እነዚህ ሁለት ቃላት አልወጣ ብለውኝ ስንት ጊዜ ከሰፈሬ አልፌ እንደሄድኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። «ወ» ላይ ከንፈሬ ይሞጠሙጥና እዚያው ይቀራል። ትንፋሼ ደረቴ ላይ ይታገታል። የሐጂ ሱቅ ያልፋል፤ የእናቴ በር ያልፋል። ሌላ ተሳፋሪ «ወራጅ» ሲል አብሬው እወርድና ዳገቱን በእግሬ እመለሳለሁ። ክረምት ከሆነ ደግሞ ከጦሳ የሚወርደው ጉም መንገዱን ስለሚሸፍነው፣ ከየት እንደምመጣ የሚያየኝ ሰው አይኖርም።

ተብታባ ነኝ። የፊዚክስ መምህርም ነኝ። ተብታባ ሰው ቃል በመለወጥ የተካነ ነው። ገበያ ላይ «በርበሬ» አልወጣ ሲለኝ በጣቴ እያሳየሁ «ያንን ቀዩን» እላለሁ። ስሜን ስጠየቅ መታወቂያዬን አወጣለሁ። ክፍል ውስጥ «ብርሃን» ማለት ሲያቅተኝ «ላይት» ብዬ አልፋለሁ፤ ተማሪዎቼ መምህሩ እንግሊዝኛ ይወዳል ይላሉ። መጀመሪያ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት አንድ ኃላፊ ቢሮ አስጠርቶኝ፣ ቤተ ሙከራ ዕቃ ክፍል ብትሠራ አይሻልህም ወይ ብሎኛል። መልስ ነበረኝ። ልናገረው የፈለግኩት የመጀመሪያው ቃል ግን በ«ብ» ይጀምር ነበር።

ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለ አሜሪካዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ኮኮ ጎፍ ነው። ስለ እሷ የሚወራው ስለ ዋንጫዎቿና ስለ ገንዘቧ ነው፤ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይኔን የጣልኩት ግን ሰርቯ ላይ፣ ኳሷን በምታስጀምርበት ምት ላይ ነው። ኳሷን ወደ ላይ ወርውራ ክንዷ ሲያመነታ ሳይ፣ ያንን ማመንታት አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ያየኋት ሰኔ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ማታ ሐጂ ቤት ነው። ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጂዳ ብዙ ዓመት ሠርተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ዲሻቸው የሚስበው አብዛኛው ጣቢያ የዐረብ ነው፤ ኮሜንታተሩ የሚለውን እሳቸው ይተረጉሙልናል። ከሰኔ 15ቱ ሐዘን ገና አልወጣንም ነበር፤ ከተማው ጭር ብሏል፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ዜና ፍለጋ ጣቢያ ስንቀያይር የለንደኑ የቴኒስ ውድድር፣ ዊምብልደን ላይ አረፍን። አንዲት ቀጭን ጥቁር ልጅ የ39 ዓመቷን ቪነስ ዊሊያምስን እየተጋፈጠች ነው። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው። ቪነስ ዊምብልደንን አምስት ጊዜ የወሰደች ናት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዋንጫዎች ስታነሳ ይህቺ ልጅ ገና አልተወለደችም። 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 አሸነፈቻት። መረቡ ላይ ሲጨባበጡ ልጅቷ የሆነ ነገር ስትላት ታየ። ሐጂ ሰሙና «እያመሰገነቻት ነው፤ አንቺ ባትኖሪ እኔ እዚህ አልቆምም ነበር እያለቻት ነው» አሉን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁኝ።

ወሎ ውስጥ የዚህ ዓይነት ጥያቄ ሳይመለስ አያድርም። ሰንብቼ መልሱን ይዤላቸው ሄድኩ። አባቷ ኮሪ በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር፤ እናቷ ካንዲ ሯጭ ነበረች። ልጃቸው ሰባት ዓመት ሲሞላት ለቴኒሷ ብለው ከአትላንታ ተነሥተው አያቶቿ ወዳሉበት ፍሎሪዳ፣ ዴልሬይ ቢች ገቡ። አባት አሠልጣኝ ሆነ፤ እናት ቤት ውስጥ አስተማሪ ሆነች። አያቷ ኢቮን ሊ ኦዶም በ1961 እ.ኤ.አ. በከተማው የነጮች ብቻ ወደነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ ናት፤ እሷም ያን ጊዜ 15 ዓመቷ ነበር። ሐጂ ይህንን ሲሰሙ ጀበናውን እያዩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ታዲያ ይቺ ልጅ ሜዳ መግባት ምን ያስፈራታል» አሉ።

እኔን መምህሩን የነካኝ ሌላ ነገር ነው። በዓለም ደረጃዋ 313ኛ ስለነበረች ወደ ዋናው ውድድር የገባችው በማጣሪያ ነው። የመጨረሻው የማጣሪያ ጨዋታ ዋዜማ፣ በእኛ አቆጣጠር ማታ አምስት ሰዓት ላይ፣ የሳይንስ ፈተና ትፈተን ነበር። ይህንን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ። (ከቪነስ ቀጥሎ ሁለት ግጥሚያ አሸነፈች፤ በሦስተኛው ዙር ተጋጣሚዋ ለማሸነፍ ሁለት ጊዜ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ኮኮ ተርፋ ወጣች። በመጨረሻ የጣለቻት ሲሞና ሃሌፕ ዋንጫውን ወሰደች።)

ከሦስት ወር በኋላ ኦስትሪያ ሊንዝ ላይ የመጀመሪያ ዋንጫዋን አነሣች። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የጠበቀው በየወሩ ዋንጫ ነው። ሆኖም የሴቶች ቴኒስ ማኅበር ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ በዓመት የምትወዳደርበትን ቁጥር ይገድባል፤ ሕጉ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. በ13 ዓመቷ ፕሮፌሽናል የሆነችው ጄኒፈር ካፕሪያቲ በታዳጊነቷ ችግር ከደረሰባት በኋላ ነው። ጥሩ ሕግ ነው እላለሁ። ለብዙ ልጆች አስተምሬያለሁ፤ ቶሎ የበሰለ ልጅ ቶሎ ሲቃጠል አይቻለሁ።

አሁን ስለ ሰርቭ ልናገር፤ የምለው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነውና።

በቴኒስ ውስጥ ሌሎቹ ምቶች ሁሉ መልስ ናቸው። ተጋጣሚሽ የላከችውን ነው የምትመልሺው፤ ብትሳሳቺ ኳሷ ፈጥና መጣች፣ ጠማማ ነጠረች ማለት ይቻላል። ሰርቭ ብቻ ያንቺ ነው። ኳሷ እጅሽ ላይ ናት፤ ሜዳው ጸጥ ይላል፤ ማንም አይነካሽም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥዬ ለተማሪዎቼ አሳይቻለሁ። ከምትቆሚበት መስመር እስከ መረቡ 11.89 ሜትር ነው። መረቡ መሐሉ ላይ ከፍታው 91 ሳንቲሜትር ነው። ከመረቡ ማዶ ኳሷ የምታርፍበት ሳጥን ርዝመቱ 6.40 ሜትር ብቻ ነው። ከመረቡ በላይ፣ ከመስመሩ በታች ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። የመጀመሪያዋ ኳስ ብትስት ምንም አይደለም፤ ሁለተኛ ዕድል አለ። ሁለተኛዋም ከሳተች ደብል ፎልት ይባላል፤ ነጥቡ ለተጋጣሚ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛዋን ኳስ ወደ ፊት እያሽከረከሩ ይመቷታል። ስትሽከረከር አየሩ ወደ ታች ይጫናታል፤ መረቡን ከፍ ብላ ታልፍና ሳጥኑ ውስጥ ትወድቃለች። ለመሽከርከር ግን ራኬቱ በፍጥነት መወንጨፍ አለበት። የፈራ ክንድ ደግሞ አይወነጨፍም። ክንድ ሲፈራ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ኳሷ አትሽከረከርም፤ ስላልተሽከረከረች መረቡ ላይ ትቀራለች ወይ ከመስመር ትወጣለች። በሌላ አነጋገር፣ እንዳትስቺ ስትጠነቀቂ ትስቻለሽ። ይህንን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ስዞር አንዲት ተማሪ ትክ ብላ ታየኝ ነበር። ስለ ማን እንደምናገር የገባት ይመስለኛል።

እኔም ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አልንተባተብም። ከሕፃን ጋር ስጫወት አልንተባተብም። ቃሉ አፌ ውስጥ አለ። ኮኮም ልምምድ ላይ ሰርቭ ታደርጋለች፤ በሰዓት ከመቶ ማይል በላይ የምትመታ ልጅ ናት። ችግሩ የሚመጣው ሜዳው ጸጥ ሲል ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የፓሪሱ ትልቅ ውድድር፣ የሮላን ጋሮስ ፍጻሜ ደረሰች። የሐጂ ቴሌቪዥን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ከቤታቸው ተወስዶ ነበርና ጨዋታውን ያየነው በእኔ ስልክ ነው፤ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ እኔ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ። ኢጋ ሽፊዮንቴክ 6 ለ 1፣ 6 ለ 3 አሸነፈቻት። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ሐጂ ስልኩን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። እኛም በዚያ ዓመት ከስደት ተመልሰን ቤታችንን ገና እየጠገንን ስለነበር፣ ለቅሶ ለማየት አቅም አልነበረንም።

በሚቀጥለው ዓመት ዊምብልደን ላይ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸነፈች። ጋዜጠኞች ይህቺ ልጅ ተወርቶላት ቀረች ማለት ጀምረው ነበር፤ ተጋጣሚዎቿ ሁሉ ፎርሃንዷ፣ ራኬት በያዘችበት እጅ በኩል የምትመታው ምት፣ ደካማ እንደሆነ ስላወቁ ኳሱን ወደዚያው ይልኩባታል። እሷ አዲስ አሠልጣኝ ያዘች፤ ዋሽንግተን ላይ አሸነፈች፤ ከዚያ በፊት ሰባት ጊዜ ተጋጥማት ሰባቱንም ያሸነፈቻትን ሽፊዮንቴክን ሲንሲናቲ ላይ በስምንተኛው ጣለችና ዋንጫውን ወሰደች። ከዚያ የአሜሪካው ትልቅ ውድድር፣ ዩኤስ ኦፕን መጣ።

ፍጻሜው ጳጉሜን 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ እንቁጣጣሽ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወር አልፎታል። ያን ማታ ደግሞ መብራት ጠፋ። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ እኔ ቴኒስ እንደምከታተል ያውቃል፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ተሸንፋለች። 6 ለ 2።»

(ሁለት ክፍል የወሰደች ታሸንፋለች፤ የጨዋታው ክፍል በቴኒስ «ሴት» ነው የሚባለው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሌላ ስለሚነበብ ስሙን ሳልጠራው አልፋለሁ።)

ስልኩን ሳይዘጋ ይነግረኝ ጀመር። እኔ ጨለማ ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጣሪያው ላይ ዝናብ አለ። ሁለተኛውን 6 ለ 3 ወሰደች። ሦስተኛው ላይ ካርዱ አልቆበት መስመሩ ተቋረጠ። ስንት ደቂቃ እንደጠበቅኩ አላውቅም። እንደገና ሲደውል እየጮኸ ነበር።

«ጋሼ፣ ወደቀች! ሜዳው ላይ ወደቀች!»

«ማ… ማ…» አልኩ። ማን ብዬ መጠየቅ አቃተኝ።

«ኮኮ ናት! አሸንፋ ነው የወደቀችው! በጀርባዋ ተጋድማ ፊቷን ይዛ እያለቀሰች ነው!»

አሪና ሳባሌንካን 2 ለ 6፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 2። 19 ዓመቷ ነበር። ከቪነስ እህት ከሴሬና የ1999 እ.ኤ.አ. ድል በኋላ ዩኤስ ኦፕንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ታዳጊ ሆነች። ጠዋት በር ለበር ሄጄ ለሐጂ ነገርኳቸው፤ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ከረሜላ አወጡና ለሰፈሩ ልጆች በተኑ።

አብዛኛው ታሪክ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የእሷ ግን አላበቃም፤ ከሷ የተማርኩትም ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰች። በዚያው ዓመት ዩኤስ ኦፕን ላይ ዋንጫዋን ለማስጠበቅ ስትጫወት በኤማ ናቫሮ ተሸነፈች፤ በአንድ ጨዋታ 19 ደብል ፎልት። በገዛ አገሯ፣ በገዛ ሰዎቿ ፊት፣ ኳሷን ወርውራ ክንዷ ሲታሰር ዓለም አየ።

ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ የዓረፋ ማግስት ነበር። ሐጂ በየዓመቱ ለእኛ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ለብቻ በግ ያሳርዳሉ፤ እናቴም ለፋሲካ እንዲሁ ታደርግላቸዋለች። አዲስ ቴሌቪዥን ገዝተዋል። አሥር ሰዓት ላይ የሮላን ጋሮስ ፍጻሜ ተጀመረ፤ እንደገና ሳባሌንካ። ፓሪስ ነፋስ ነበር። ነፋስ ለሰርቭ ጠላት ነው፤ የተወረወረችው ኳስ ቦታዋ ላይ አትገኝም። ኮኮ 4 ለ 1 ተመራች፤ ተነሣች፤ የመጀመሪያውን በአቻ መለያ 7 ለ 6 ተሸነፈች። ሐጂ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ገና ነው» አሏት። እኔን ቃል ሲይዘኝም የሚሉኝ ይህንኑ ነው፤ «አብሽር»። ዓረፍተ ነገሬን ጨርሰውልኝ አያውቁም። ብዙ ደግ ሰው ቃሌን ይጨርስልኛል፤ ሐጂ ግን ስኒያቸውን ይዘው ይጠብቁኛል።

6 ለ 2። 6 ለ 4። አሸነፈች። ሳባሌንካ ያን ቀን 70 ስህተት ሠራች፤ ነፋሱ አበሳጫት። ኮኮ በ30 ስህተት ኳሷን እየመለሰች፣ እየመለሰች፣ እየመለሰች ቆየች። ከሴሬና የ2015 እ.ኤ.አ. ድል ወዲህ ፓሪስ ላይ በነጠላ ያሸነፈች አሜሪካዊት አልነበረችም። ከጨዋታው በፊት ወረቀት ላይ ደጋግማ «ሮላን ጋሮስን አሸንፋለሁ» ብላ ጽፋ እንደነበር በኋላ ተሰማ።

ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ አለፈ። ዊምብልደን ላይ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸነፈች። ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ሞንትሪያል ላይ ከዳንዬል ኮሊንስ ጋር ስትጫወት ውጤቱን ስልኬ ላይ አየሁት። ደብል ፎልት፦ 23።

ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። አንድ ጌም (6 ለ 4 ስንል የምንቆጥረው) ለማሸነፍ ቢያንስ አራት ነጥብ ያስፈልጋል፤ ስድስት ጌም ደግሞ 24። ይህ ማለት 23 ነጥብ ለተጋጣሚዋ ሰጥታለች፤ አንድ ብትጨምር ስድስት ጌም የሚያህል ነጥብ በነፃ ሰጠች ማለት ነው። ቀጥዬ ያየሁት ግን እጄን ከወረቀቱ አስነሣው። ጨዋታውን አሸንፋለች። 7 ለ 5፣ 4 ለ 6፣ 7 ለ 6። 23 ጊዜ ሰው ፊት ክንዷ ታስሮ፣ 23 ጊዜ ስታዲየሙ አጉረምርሞ፣ 24ኛውን ኳስ ለመወርወር እንደገና ቆማለች።

ከዚህ በላይ ደግሞ ያደረገችው አለ። ዩኤስ ኦፕን ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ጋቪን ማክሚላን የሚባል፣ የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያጠና አሠልጣኝ ቀጠረች፤ ከጥቂት ዓመት በፊት የሳባሌንካን የተሰበረ ሰርቭ የጠገነው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ቆዪ፣ የዓመቱ ውድድር ሲያልቅ ትቀይሪዋለሽ የሚል ይመስለኛል። እሷ ግን በዓመቱ ትልቁ ውድድር፣ በገዛ አገሯ፣ ካሜራ ሁሉ እያያት ሰርቯን እንደ አዲስ መማር ጀመረች። ያረጀ ልማድ ሲፈርስና አዲሱ ገና ሳይያዝ ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋ ነው። በሁለተኛው ግጥሚያ ከዶና ቬኪች ጋር ስትጫወት እንባዋ መጣ፤ ሜዳው ላይ፣ በጨዋታው መሐል። ፊቷን በፎጣ አበሰች፤ ተመልሳ ሰርቭ አደረገች፤ አሸነፈች። ጂምናስቲከኛዋን ሲሞን ባይልስን ተመልካቹ መሐል አይታ እንደበረታች ተናገረች። ከሁለት ግጥሚያ በኋላ ናኦሚ ኦሳካ 6 ለ 3፣ 6 ለ 2 አስወጣቻት።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ምን ነካት አለ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሕይወቴን ሙሉ ቃል ስለውጥ ኖሬያለሁ። «ብርሃን» ሲይዘኝ «ላይት»፣ «በርበሬ» ሲይዘኝ «ቀዩን»። ተብታባ መሆኔን ማንም እንዳይሰማ እየተጠነቀቅኩ፣ ልናገር የፈለግኩትን ሳልናገር ቀርቻለሁ። እሷ ግን ድክመቷን ዓለም እያያት መጠገን መረጠች።

መስከረም ላይ ክፍል ሲከፈት የመጀመሪያው ትምህርቴ ስለ ብርሃን ነበር። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ ዞርኩ። «ብ» ላይ ያዘኝ። ላይት የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ ተውኩት። ቆምኩ። አንድ ልጅ ከኋላ ሳቀ፤ ሌላዋ ዝም በል አለችው። ዓይኔን ከልጆቹ አላነሣሁም። መስኮቱ ላይ የዝንብ ድምፅ እሰማ ነበር። ከዚያ «ብ… ብ… ብርሃን» ወጣ። የእለቱን ትምህርት ስጨርስ ቃሉን አሥራ አራት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ዘጠኝ ጊዜ ይዞኛል። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንትም ጻፍኩት፤ ያኛው ሳምንት የባሰ ነበር።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እሑድ ቀን ኮኮ ቻይና፣ ዉሃን ላይ ጄሲካ ፔጉላን 6 ለ 4፣ 7 ለ 5 አሸንፋ ዋንጫ አነሣች። ዜናውን ያነበብኩት ፒያሳ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ለሐጂ ልነግራቸው ስቸኩል ሰፈሬ መድረሱን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ከእኔ ሌላ ወራጅ አልነበረም።

«ወ…»

ሹፌሩ በመስተዋቱ አየኝ። የሐጂ ሱቅ አለፈ።

«ወ… ወ… ወራጅ አለ።»

ሁለት ቤት አልፎ ቆመ። ከፍዬ ወረድኩ። ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን አነሡ።

«ልጃችን እንዴት ሆነች?» አሉኝ።

«አ… አሸነፈች» አልኳቸው። ጠብቀውኝ ነበር።